ስለ ሩጫ መንገድ፦ የለመድነው ይሻላል ወይስ አዲሱ?

(ከዚህ በታች የተለጠፈው በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ያደረጉት ንግግር ነው። በዕለቱ ያልተገኙ ነዋሪዎች እናንብበው ብለው ስለጠየቁ ሳይቆረጥ እንደተነገረ አቅርበነዋል።)



ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስብሰባ ሲጠራ መቀመጫ እስኪጠፋ እንደምንመጣ አውቃለሁ። ስለ ሩጫ ግን ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም፤ አመሰግናለሁ። ሩጫ ወዳችሁ ብቻ እንዳልመጣችሁም ይገባኛል። እንደሚታወቀው ባለፈው ወር አንድ የሰፈራችን ልጅ ገና ጎሕ ሳይቀድ በአስፋልቱ ዳር ሲሮጥ አይሱዙ ሊገጨው ለጥቂት ሳተው። ልጁ ወደ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ዘሎ፣ ክንዱ ተልጦ ዳነ። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ልጆቹ አስፋልቱን ይተዉ፤ በማሳው መሀል ባለው የእግር መንገድ ይሩጡ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ኧረ እዚያማ ማን ያያቸዋል? ውሃ አለ፣ ውሻ አለ፤ የለመዱትን ይዘው ይቆዩ» ይላል። በዚህ መሀል አንድ ገበሬ ሽንብራዬን ረገጡብኝ ብሎ ለማኅበሩ አቤት አለ። ሊቀ መንበሩም ወደ እኔ መጥተው «መምህር፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሲሮጡ ነው የኖሩት፤ እስቲ አንድ ነገር ይበሉን» አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ አልሮጥሁም። ስንፍናም፣ ሥራም፣ ሕመምም ያስቀረኝ ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ መንገድ ብቻ ሮጫለሁ፤ ስለዚህ የለመዱትን መንገድ ጥቅምም ጉዳትም በራሴ እግር አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ጥቅሙን ልናገር፤ ምክንያቱም አሁን አሁን ወጣቶቹ «አንድ መንገድ ይሰለቻል» እያሉ የሚያጣጥሉት ይመስለኛል።

የእኔ መንገድ ከቤቴ ወጥቶ አስፋልቱን ይዞ ወደ ወረታ ነበር፤ ከዚያ በዚያው መመለስ ነው። የትኛው ዛፍ ዘንድ ስደርስ ትንፋሼ እንደሚከፈት፣ የትኛው ድልድይ ላይ ሰዓቴን ማየት እንዳለብኝ ሳላስብ አውቀው ነበር። ሰዓቱ የሚዛባው በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ነው። አንድ የጥቅምት ጧት ታዲያ እንደ ወትሮዬ ሮጥሁ፤ ያመመኝ ነገር አልነበረም፤ ድልድዩ ላይ ሰዓቴን ሳየው ግን በስድስት ደቂቃ ዘግይቻለሁ። ሰዓቱ ተበላሸ ብዬ ነካ ነካ አደረግሁት። በማግሥቱ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ማታ ላይ ትኩሳት ሆነ፣ ደም ስመረመር ወባ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ወባ እንዴት እንደምትመጣ ለእናንተ አልነግርም። ግን ልብ በሉ፤ ከትኩሳቱ በፊት የነገረኝ መንገዱ ነው። በየቀኑ መንገድ ብቀያይር ኖሮ ስድስት ደቂቃው ከጭቃው ይሁን ከዳገቱ ወይስ ከደሜ በምን አውቅ ነበር? የታወቀ መንገድ ሚዛን ነው። ነጋዴ በየቀኑ ሚዛን ቢለውጥ ትርፍና ኪሳራውን አያውቅም።

እንግዲህ ጉዳቱን ደግሞ ስሙ። በዘጠነኛው ዓመት የግራ ጉልበቴ በውጭው በኩል ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ቁልቁል ስወርድ ብቻ ነበር፤ በኋላ ደረጃ መውጣት፣ ቀጥሎም ከበርጩማ መነሣት አቃተኝ። በዘይት አሸሁት፣ ጠበል ጠጣሁ፣ አረፍሁ፤ ዐርፌ ስጀምር ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ አንድ የሕክምና ባለሙያ ዘንድ ሄድሁ። ሰውዬው ጉልበቴን ትንሽ ጫን ጫን አደረገና ስለ ጉልበቴ መጠየቁን ትቶ «የት ነው የምትሮጠው? በየትኛው ጠርዝ?» አለኝ። ጥያቄው ገርሞኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስፋልት ሲሠራ የዝናቡ ውሃ እንዳይተኛበት መሀሉ ከፍ፣ ጠርዙ ዝቅ ተደርጎ ነው። በዐይን አይታይም፤ እግር ግን ያውቀዋል። በአንድ ጠርዝ ሁልጊዜ የሚሮጥ ሰው በቦዩ በኩል ያለው እግሩ ዝቅ ያለ መሬት፣ በመሀል መንገዱ በኩል ያለው ከፍ ያለ መሬት ይረግጣል፤ አንድ እግሩ እንዳጠረ ሰው ማለት ነው። ስሄድም ስመለስም በአንድ በኩል ብሆን ኖሮ እንኳ ይካካስ ነበር። እኔ ግን መኪናውን ፊት ለፊት ለማየት ብዬ ስሄድም በግራ፣ ስመለስም በግራ ነበር የምሮጠው፤ ይህ ከአደጋ አንጻር ትክክል ነው፣ አሁንም እንዲሁ አድርጉ እላለሁ። ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በሺህ የሚቆጠር እርምጃ በየጧቱ፣ ያው ጅማት ያንኑ አጥንት በዚያው ቦታ ሲፈገፍገው ኖረ። ሯጮችን ከሚያስቀሯቸው ሕመሞች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ በአንድ ቀን መውደቅ ሳይሆን ያንኑ ነገር አብዝቶ በመድገም የሚመጡ። መድኃኒቱም ያን ያህል አልከበደም፤ ዕረፍት፣ ከዚያ የሚረገጠውን መሬት መለዋወጥ ነበር። ለስላሳ አፈር አንዱን ጅማት ያሳርፋል፣ ሌላውን ያሠራል፤ ጎርበጥባጣ መሬት ቁርጭምጭሚትን ያነቃል፤ ዳገት ጭንንና ትንፋሽን ያሠራል። አስፋልት ደግሞ እርምጃን ያስተካክላል። አንዱም ብቻውን አይበቃም።

ይህ የእኔ የሽማግሌ ጉልበት ታሪክ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ያሉት ትልልቆቹ ሯጮቻችን እንዴት እንደሚሠለጥኑ የሰማ ይሰማል። በአውቶቡስ ተጭነው በጨለማ ይወጣሉ፤ አንድ ቀን እንጦጦ ጫካ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ገደማ፣ ብርዱ የሚቆረጥም። ሌላ ቀን ሱሉልታ ሜዳ፣ ሌላ ቀን ሰንዳፋ፣ ፍጥነት ሲፈለግ ደግሞ ዝቅ ወዳለውና ሞቅ ወዳለው ወደ አቃቂ። አንዳንድ ቀን ኮረኮንች፣ አንዳንድ ቀን አስፋልት። አስፋልቱን ይቆጥቡታል፤ እግር ይበላል ይላሉ። ማይክል ክራውሊ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከእነሱ ጋር አብሮ እየሮጠ ኖሮ በፈረንጆቹ 2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ከገረሙት ነገሮች አንዱ በጫካው ውስጥ ቀጥ ባለው መንገድ አለመሮጣቸው ነው፤ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የፊተኛውን እግር እየተከተለ ይሄዳሉ። እኛ አገር ከብት እንኳ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ለምን ይገርማል?

አንድ ሰው እዚህ ላይ «ኃይሌ ገብረ ሥላሴስ?» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። ኃይሌ ልጅ ሆኖ አሰላ አካባቢ ከቤቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪ.ሜ.፣ ለመመለስም 10 ኪ.ሜ. በየቀኑ ያንኑ መንገድ ሮጧል፤ ደብተሩን በግራ ክንዱ ይይዝ ስለነበር ዓለምን ካሸነፈ በኋላም ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ ነው የሚሮጠው። የለመዱት መንገድ ሰው ላይ ምን ያህል እንደሚጻፍ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። መንገዱ ሰው አደረገው፤ ምልክቱንም አልለቀቀውም። ግን እሱ ለትምህርት ነበር የሚሮጠው፣ ምርጫም አልነበረውም። ሯጭ ሆኖ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በአንድ መንገድ ብቻ አልኖረም።

አሁን ዋና ወደምለው ነገር ልምጣ። ክርክራችን «የለመድነው ወይስ አዲሱ» የሚል ነው፤ እኔ ጥያቄው በራሱ የተጣመመ ይመስለኛል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባላል። መልካም፤ ግን መልአኩን ሄዶ መተዋወቅ ማን ከለከለ? አዲስ መንገድ አዲስ ሆኖ የሚቀረው ሄደን እስክናየው ድረስ ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእግሩ በቀን ሄዶ ያላየውን መንገድ ማንም አይሩጥበት።

ይህን ያስተማረን አበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም፣ እኛ እዚህ ለእንቁጣጣሽ ስንዘጋጅ፣ እሱ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጠ። ስለ ባዶ እግሩ ሁሉም ያወራል። ያልተወራው ግን እሱና ስዊድናዊው አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከውድድሩ በፊት መንገዱን ዞረው ማየታቸው ነው። ያኔ ጣሊያኖች የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ሮም ላይ ቆሞ ነበር፤ መንገዱም በአጠገቡ ያልፋል፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው የቀረው ርቀት ጥቂት ነው። ሁለቱ ቦታውን ልብ ብለው ያዙት። በውድድሩ ቀን መሽቷል፣ በመንገዱ ዳር ችቦ በርቷል፣ ከሞሮኮው ከራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ናቸው። አበበ ሐውልቱ ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ ሞሮኮው በ25 ሰከንድ ያህል ተከተለው። ሮም ለአበበ አዲስ አገር ነበረች፤ መንገዱ ግን በዚያች ሌሊት አዲስ አልነበረም። (ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ተተክሏል፤ እግረ መንገዴን ነው።)

ሮምን እንተወውና ወደ ፎገራ እንመለስ። የእኛ ሜዳ ከሌላው አገር የሚለየው አንድ መንገድ በዓመት ውስጥ ሦስትና አራት መንገድ ስለሚሆን ነው። በጥር ያየኸው በነሐሴ የለም። ስለዚህ መንገዱን አንድ ጊዜ አይቶ «አውቀዋለሁ» ማለት እዚህ አይሠራም።

ክረምቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጉማራና ርብ ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ከጣና ጋር የተቀላቀለ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ስንቱን ከቤቱ እንዳፈናቀለ የሚያስታውስ እዚህ ተቀምጧል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ልጆች በማሳው መሀል ይሩጡ የሚል ሐሳብ ካለ እኔ እቃወማለሁ። ከታች ያለው የማይታይ ውሃ፣ ጉልበት ባይደርስም፣ አይረገጥም፤ የእግር መንገዱ የት አልቆ ቦዩ የት እንደሚጀምር ውሃው አይነግርህም። በክረምት ከፍ ያለው ጥርጊያና አስፋልቱ ይሁን። ግን ነጋ ነጋ ሲል፣ ሰው ፊት ለይቶ ሲያይ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እየተመለከቱ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ። ያ ልጃችን ጥቁር ሹራብ ነበር የለበሰው። ሾፌሩን አልወቅስም፤ እኔ ራሴ ብሆን አላየውም ነበር።

ከኅዳር እስከ ጥር፣ ማለትም አሁን፣ ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ውስጡ ርጥብ፣ ላዩ ደረቅ ሲሆን፣ ለእግር እንደዚህ ያለ መሬት በገንዘብ አይገኝም። ይሰጥማል እንዳይባል ጠንካራ ነው፣ ያማል እንዳይባል ለስላሳ። ጉልበቴን ያዳነው ይህ ወቅት ነው። ችግሩ ግን ባዶ የመሰለን ማሳ ባዶ አለመሆኑ ነው። በቀረው ርጥበት ጓያና ሽንብራ ተዘርቶበታል፤ ገና ቡቃያ ስለሆነ ለሯጭ ሣር ይመስለዋል። የሩዙ ማሳ ዙሪያ በአፈር የተገደበው ድንበርም መንገድ አይደለም። ከላዩ ጠፍጠፍ ብሎ ስለሚያምር ልጆቹ ይወዱታል፤ ግን እየተረገጠ ከተናደ በሚቀጥለው ክረምት ውሃው ይፈስና የሰውዬው ሩዝ ይደርቃል። ሩዝ በ1970ዎቹ ወደዚህ ሜዳ ገብቶ ሳይስፋፋ በፊት እዚህ የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ሰፊ ግጦሽ ነበር፤ እንደ ልብ ይሮጥ ነበር። ያ ጊዜ አልፏል፤ እያንዳንዱ ክንድ መሬት ባለቤት አለው። አቤት ያለው ገበሬ እውነቱን ነው። ካሳም አልጠየቀም፤ «በየት በኩል እንደምትሄዱ ብቻ ንገሩኝ» ነው ያለው።

ከየካቲት በኋላ ደግሞ ዋልካው ይሰነጠቃል። ንቃቃቱ እግር የሚውጥ ይሆናል፤ በሣር ከተሸፈነ አይታይም። ባለፈው ዓመት ቁርጭምጭሚቷ የዞረባት ልጅ የወደቀችው በታኅሣሥ ደኅና አድርጋ ትሮጥበት በነበረው መንገድ ላይ ነው። የለመደችው መንገድ ነበረ፤ መንገዱ ግን ተለውጦባት ቆየ። በዚያ ላይ በመስኖው ወቅት የውሃ ፓምፑ ቱቦ በመንገዱ ላይ ይጋደማል። ያን ጊዜ ኮረኮንቹ ይሻላል፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ።

ዳገት የሚፈልጉ አሉ። ከሜዳችን ዳገት አይጠበቅም፤ ሁሉ ነገር ወደ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቷል። ውድድር የሚያስቡት ልጆች በወር አንድ ጊዜ ከወረታ ወደ ዓለም በር በሚወጣው በደብረ ታቦር መንገድ ቢሞክሩ ጥሩ ነው። የመጓጓዣው ወጪ ይከብዳል የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ለዚህ ነው በወር አንድ ጊዜ ያልሁት።

ስለ ሴቶች ልጆቻችን ሳልናገር ብቀር አንዲት እናት ከዚያ ማዶ ዐይናቸውን እንደማይነቅሉብኝ ይታየኛል። ልጃቸው ጥሩ ሯጭ ናት፤ ከአደጋው ወዲህ ግን ከቤት አትወጪም ተብላለች። እመቤቴ፣ አልፈርድብዎትም። ለሴት ልጅ የመንገድ ምርጫ የጉልበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የለመደችው መንገድ ሰው ያውቃታል፤ ብትዘገይ «ዛሬ አላለፈችም» የሚል አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያው ሰዓት በዚያው መንገድ ብቻዋን የምታልፍን ልጅ ደግ ሰው ብቻ አይደለም የሚያውቃት፤ ክፉ ያሰበም ሰዓቷን ያውቃል። እኔ የምለው ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይውጡ፤ በየት በኩል እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ለቤት ይናገሩ፤ ሰው ከማይኖርበት መንገድ ግን ይቅርባቸው፣ መሬቱ የቱንም ያህል ቢለሰልስ። ልጅቷን ቤት ማስቀመጥ ግን መፍትሔ አይመስለኝም። ከፈለጉ እኔና ባለቤቴ ከኋላ ከኋላ እንሄዳለን፤ እንደ እነሱ ባንሮጥም እናያለን።

እኛም ሽማግሌዎቹ ከዚህ ነገር ነፃ አይደለንም። ስኳርና የደም ብዛት ያለብን ተንቀሳቀሱ ተብለናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ለእኛ የታወቀ መንገድ ይበዛበት፤ መውደቅ ያስፈራናልና። ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ በብርሃን፣ ከሰው ጋር፣ ትንሽ ጎርበጥ ባለ መሬት መሄድ ሚዛን መጠበቅን ያስለምዳል። ሁልጊዜ ልሙጥ ላይ የኖረ እግር መጀመሪያ ያገኘው ጠጠር ይጥለዋል።

ለልጆቹ ያሰብሁት እንዲህ ነው። አስፋልቱ አይተው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተለኪ ርቀት፣ በሰዓት ይሩጡበት፤ ሚዛናቸው ይሁን፤ የሚዘገይ ካለ ምን ሆንክ ይባል፣ ወባም ሊሆን ይችላል። የቀረውን ቀን እንደ ወቅቱ ይለዋውጡ። ስንት መንገድ ያስፈልጋል ብሎ ለጠየቀኝ ወጣት ሦስት በቂ ነው ብዬዋለሁ። ሠላሳ ቢሆን አንዱንም አናውቀውም። ወቅት በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ሁሉም እንደገና በእግር ይታያል፤ ከክረምት በኋላ አንድ ጊዜ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ አንድ ጊዜ።

የመጀመሪያውን የፊታችን ቅዳሜ እናደርገዋለን። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ለፊት እንገናኝ። ሩጫ የለም፤ እርምጃ ብቻ ነው፤ እናቶችም ብትመጡ ልጆቻችሁ የት እንደሚውሉ ታያላችሁ። ሽንብራው የተረገጠበት ገበሬ ራሱ መጥቼ ድንበሬን አሳያለሁ ብሏል፤ ከቦዩ የዘለለው ልጅ ደግሞ እስከ ኮረኮንቹ ይመራናል። ዱላ የያዘ ሰው ቢኖር አይከፋም፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት ውሾች ገና አልለመዱንም።